ለሁሉም የተሰጠ ፈቃድ

በየመሥሪያ ቤታችን «ለጊዜው» እየተባለ የሚሠራ ሥራ አለ። ለጊዜው የተገጠመ ሶኬት፣ ለጊዜው በሽቦ የታሰረ በር፣ ለጊዜው ለሁሉም የተነገረ የይለፍ ቃል። አብዛኛው እንደዚያው ሆኖ ዓመታት ይኖራል፤ ማንም አይጠየቅበትም። እኔም አንዱን ሠርቻለሁ። ስሜ አንሙት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጤና ማኅበር የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው።

ማኅበሩ ከደምበጫ እስከ መርጡለ ማርያም በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ አማካሪዎች ነበሩት። በኢሜይል የሚመካከሩበት ፕሮግራም እንድጭን ታዘዝኩ። አንዱ የላከው ደብዳቤ ለቡድኑ አባላት ሁሉ ይደርሳል፤ ቅጂው ደግሞ በቢሮው ዋና ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ሁለት ቡድን አቋቋምኩ፤ አንዱ ለአጠቃላይ ማስታወቂያ፣ ሌላው የኤች አይ ቪ ታካሚዎችን ለሚከታተሉ ስምንት አማካሪዎች ብቻ።

ፕሮግራሙ ሲጫን ፋይሎቹን ማን እንዲያነብ፣ ማን እንዲጽፍ እንደሚፈቀድለት በቡድን በቡድን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። እኔ አንዱ ላይ ተሳሳትኩ፤ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ «ፈቃድ የለም» እየተባለ ይመለስ ጀመር። በማግስቱ የፕሮግራሙ ምርቃት ነበር። እንግዳ ተጠርቷል፣ በግ ተገዝቷል። ኃላፊያችን አቶ ገዳሙ መጥተው ከጀርባዬ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚያስቸግርህ?»

«ፈቃዱን በትክክል መለየት አለብኝ። መመሪያውን ደግሜ ላንብበው። ምርቃቱን ሁለት ቀን ቢገፉልኝ…»

«ከማን ነው የምትለየው? እዚህ ቤት ሌባ አለ እንዴ? አንድ ቤተሰብ ነን። ክፈተውና ይሥራ፤ ኋላ ታስተካክለዋለህ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መመሪያው ሰልችቶኝ ነበር። የቢሮውን ሠራተኛ ሁሉ ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ከተትኩና የደብዳቤ ቅጂዎቹን ጨምሮ ሁሉንም ነገር ለዚያ ቡድን ፈቀድኩ። ደብዳቤው ወዲያው መሄድ ጀመረ፤ በምርቃቱም ተጨበጨበልኝ። የይጁቤዋ አማካሪ ሲስተር ሥራነሽ ግን ለብቻ ጠርተው ጠየቁኝ።

«አንሙት፣ የታካሚ ነገር ብጽፍበት ከስምንታችን ሌላ የሚያይ አለ?»

«ማንም አያይም ሲስተር። ይመኑኝ።»

አመኑኝ። እኔም «ኋላ» የተባለውን ረሳሁት።

ከአራት ወር በኋላ ሲስተር ስለ አንዲት ታካሚ ጻፉ። መቅደላዊት ትባላለች፤ ይጁቤ ገበያ አጠገብ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት። መድኃኒቱ አልስማማት ስላለ ሌሎቹ አማካሪዎች ምን እንደሚሉ ለማወቅ ነበር። ያን ሰሞን ልታገባ ነበር። እጮኛዋ ፍሥሐ ሁሉንም ያውቃል፤ ቀድማ ነግራዋለች፣ ሐኪም ዘንድም አብረው ሄደው ተማክረዋል። ሁለቱ ተስማምተው የጨረሱት ነገር ነበር።

እኛ አገር ግን ጋብቻ በሁለት ሰው ስምምነት አያበቃም። ዘር ይቆጠራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ከተማ ያለ ዘመድ «እስቲ አጣራልን» ይባላል። የፍሥሐ አባት የእህታቸውን ልጅ ይስማውን አደራ አሉት። ይስማው የእኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከጠረጴዛው ሳይነሳ በኮምፒውተሩ ወደ ደብዳቤ ቅጂዎቹ ገብቶ ስሟን ፈለገ፤ ወዲያው አገኘው።

ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄደው ጋብቻው ቀርቷል አሉ። ፍሥሐ አባቱን ሊጋፈጥ አልደፈረም፤ ባሕር ዳር ገባና ቀረ። ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። መቅደላዊትም ሰው እንዳያያት ብላ ወደ ጤና ጣቢያው መሄዷን ተወች፤ መድኃኒቱንም አቋረጠች።

ሲስተር ሥራነሽ ቢሮ ድረስ መጥተው «ከየት ወጣ?» ሲሉኝ ነው እኔ የነቃሁት። ማን ገብቶ እንዳየው ኮምፒውተሩ ይመዘግባል፤ ብፈልግ የይስማውን ስም አገኘሁ። ጠራነው። አላፈረም።

«ምን አጠፋሁ? ሰብሬ ገባሁ? የማንን የይለፍ ቃል ሰረቅኩ? ተከፍቶ አገኘሁት፣ አነበብኩት። አጎቴ ሲጠይቀኝ እያየሁ ዝም ልበል?»

«አዎ፣ ዝም በል!» አሉት ሲስተር። «ምስጢሯን የነገረችው ለእኔ ነው፤ ላንተም ለአጎትህም አልነገረችም። ተከፍቶ ስላገኘኸው ያንተ ይሆናል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይስማው ላይ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ግን በምን አፌ? አቶ ገዳሙም «የሆነው ሆኗል፣ ነገሩን አናስፋው» አሉና ወደ ስብሰባቸው ሄዱ።

ያን ዕለት ቁጭ ብዬ መመሪያውን አነበብኩና ፈቃዱን ለየሁ። የሰው ምስጢር በእጃችሁ የሚያልፍ ሁሉ ስሙኝ። መጀመሪያ ዝጉት፤ ከዚያ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ አንድ በአንድ ክፈቱ። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ምርቃት ቢያልፍ ይለፍ። ባልደረባን አለማመን ነው የሚላችሁ ካለ፣ ያመናችሁ ባልደረባችሁ ብቻ አይደለም በሉት፤ በር ላይ ወረፋ ይዛ የምትጠብቀዋ ሴትም አምናችኋለች።

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከሲስተር ጋር ይቅርታ ልጠይቅ ይጁቤ ሄድኩ። መቅደላዊት በጋቢ ተጠቅልላ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ጠውልጓል። ሲስተር እየተመላለሱ መድኃኒቱን እንደገና አስጀምረዋታል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«አሁን ዘጋኸው?»

«ዘግቼዋለሁ። ከስምንቱ ሌላ ማንም አይከፍተውም።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

ልዋሻት ቃጣኝ።

«አርባ ደቂቃ» አልኳት።

ፊቷን ወደ ሲስተር መለሰች።

«ሲስተር፣ ይሂድልኝ» አለች።