ስልክ ያልጮኸበት ረፋድ

መርማሪዋ ሲደርሱ ሬሳው በሁለት ረድፍ ሰርቨሮች መካከል በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ መፍቻው ገና ከእጁ አልወጣም። ሟቹ የመሥሪያ ቤቱን የግል ክላውድ፣ የሆስፒታሎች መረጃ በርቀት የሚስተናገድበትን የሰርቨር መረብ፣ የነደፈው ዋና መሐንዲስ ነው። የገደለው ደግሞ እሳት ለማፈን ከጣሪያ የሚለቀቅ፣ ለሰው ትንፋሽ የማያስተርፍ ጋዝ ነው። ጋዙ ሲለቀቅ ኃይልም አብሮ ስለሚቋረጥ የመረጃ ማዕከሉ ጸጥ ብሏል። ከተማው ማዶ ያለው ሁለተኛው ማዕከል ግን ሥራውን ሁሉ ተሸክሞ ቀጥሏል። ሥራቸው በዚህ ክላውድ ላይ የሚያልፍ ሆስፒታሎች አንዳች ነገር መድረሱን አላወቁም።

መርማሪዋ ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ጉልበታቸውም ደረጃ መውጣት ከጠላ ቆይቷል። የሥራ አስኪያጇ ፍርድ ተቆርጦ ጠበቃቸው። ሰው ወደ ሰርቨሮቹ አዳራሽ በገባ ቁጥር፣ በሩ አጠገብ ያለውን ቁልፍ አዙሮ ጋዙ እንዳይለቀቅ ማገድ የባለቁልፉ ሽማግሌ ሥራ ነው። ዛሬ ቁልፉ ሳይዞር ተገኘ። ስለዚህ ሟቹ ያስነሣው አቧራ ጭስ ጠቋሚውን አሳስቶት ጋዙ በራሱ ተለቀቀ ተባለ፤ የሽማግሌውም እጅ በካቴና ታሰረ።

«ካላዞርኩት ይቺ እጄ ትቆረጥ» አሉ ባለቁልፉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ግን ሽማግሌ ነው፣ ረስቶ ነው ሲባል ማን ይመሰክርልኛል?»

መርማሪዋ በዚህ ዕድሜ ወኅኒ የገባ ሰው በእግሩ እንደማይወጣ ከማንም በላይ ያውቁታል። ቁልፉን ተጠግተው አዩት። ከመሰኪያው አይነቀልም፤ አላፊ አግዳሚው ሊያዞረው ይችላል። ከጎኑ ደግሞ ጋዙ በእጅ የሚለቀቅበት ቀይ መጫኛ አለ።

የሟቹን ምክትል ከቁጥጥር ክፍሉ አስጠሩት። የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ሙያውን ያስተማረው ሟቹ ነው። ክላውዱ በሦስት ሥፍራ መቆሙን ነገራቸው።

«ሁለቱ ይገቡኛል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሸከማል። ሦስተኛው ለምን አስፈለገ?»

«የሁለቱ መስመር ተቋርጦ ሲጠፋፉ፣ እያንዳንዱ የሞተው ያኛው ነው ይላል። ሦስተኛው ዳኛ ነው፤ በሕይወት ያለው ማን እንደሆነ ይፈርዳል።»

«እንደ ባልና ሚስት ሽማግሌ በለኛ።»

«የእኛው አያዳላም እንጂ» አለና ፈገግ ሊል ቃጣው።

«ዛሬስ?»

«ቁጥጥር ክፍል ተቀምጬ እያየሁ ይኼኛው ማዕከል በድንገት ወደቀ። ዳኛው ፈረደ፤ ሁለተኛው ተረከበ። የእህቴን ባል ንድፉ አላሳፈረውም።»

ሥራ አስኪያጇ ብዙ አልተናገረችም፤ በስንት ልመና አንድ ነገር አወጣች። ሟቹ ጠዋት ቢሮዋ ገብቶ፣ ዳኛው ራሱን በቻለ ሥፍራ ሳይሆን በሁለተኛው ማዕከል ምድር ቤት፣ በዚያው መብራት ላይ መተከሉን እንደደረሰበት ነግሯት ነበር። ሁለተኛው ከወደቀ ዳኛውም አብሮ ይወድቃል። ይህ ሳይስተካከል የክላውዱን ርክክብ እንደማይፈርም፣ ጥፋቱንም ለቦርዱ በግልጽ እንደሚናገር ቁርጡን አሳውቋት ወጣ።

ከሆስፒታሎቹ የሚመጣውን ስልክ የምታነሣው ሴት ጥፍሯን እየሞረደች አገኟት። እንዲህ ያለ የሰላም ረፋድ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። ባለፈው ሙከራ ማዕከሉን ድንገት ሲያጠፉት፣ ሁለተኛው እስኪነሣ ስክሪን የደረቀበት ነርስ ሁሉ ሰድቧት ነበር። ሟቹ ሥራውን ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው ከማሻገሩ በፊት ሁልጊዜ ይነግራት እንደነበር፣ ዛሬ ግን እንዳልነገራት ጨመረች።

መርማሪዋ ሁሉንም በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰቡ። ሽማግሌውን ከነካቴናቸው አጠገባቸው አስቀመጡ፤ ራሳቸውም ቆመው መናገር አቅቷቸው ተቀመጡ።

«ማዕከል በድንገት ሲወድቅ፣ ሥራው ማዶ እንደገና እስኪነሣ ፋታ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስልክ ይጮኻል። ዛሬ አንድም ስልክ አልጮኸም። እንግዲህ ሥራው ከመውደቁ በፊት፣ በሰው እጅ፣ ቀስ ተብሎ ተሻግሯል። ያሻገረው ማዕከሉ ሊወድቅ መሆኑን ያውቅ ነበር። ይህን ማን ይችላል?»

«ሟቹና ምክትሉ ብቻ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ራሱ አሻግሮት ቢሆንስ?» አለ ምክትሉ።

«ለስልከኛዋ በነገራት። ደግሞስ እሱ አሻግሮት ከሆነ፣ ማዕከሉ ባዶውን ነው የወደቀው። ታዲያ ‹ዳኛው ፈረደ፤ ሁለተኛው ተረከበ› ያልከኝ ምን አይተህ ነው?»

ምክትሉ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ዳኛውን ምድር ቤት የተከልከው አንተ ነህ፤ የተከላው ወረቀት ላይ ፊርማህ አለ፤ ቦርዱ ፊት ልትዋረድ ነበር። ባለቁልፉ ዞር እስኪሉ ጠበቅህ፤ ወርደህ ቁልፉን መለስህ፤ ቀዩን ተጫንህ። ሥራውን ባታሻግር ኖሮ እኔም በአቧራው አምን ነበር። ምነው አሻገርከው?»

«ቀዶ ጥገና ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩበት» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ሥራ መሐል ማቋረጥ... እሱ እንደዚያ አላስተማረኝም።»

መርማሪዋ የሽማግሌውን ካቴና በገዛ እጃቸው ፈቱ። ሽማግሌው የእጃቸውን አንጓ እያሻሹ ቆዩ። ካቴናው ለምክትሉ ተረፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«ለእህቴ ማን ይነግራታል?»

ባልም ወንድምም በአንድ ረፋድ። መርማሪዋ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በጭንቅ ተነሡ።

«እኔ ነኛ» አሉ። «ወደ ቤቷ ምራኝ።»