ያልተሰካው ስልክ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፣ አንድ ነገር አልሠራ ካለ ወይ ገመዱ ነው ወይ አስተካካዩ ነው፣ ሦስተኛ ምክንያት ሲያመጡብኝ ደሜ ይፈላል፣ ይህን ስነግርህም እየተናደድኩ ነው፣ እመነኝ።

ክረምት ነው፣ በሁለት ሺህ ስድስት ይሁን በሰባት እንጃ፣ እንጅባራ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም በአንድ ገመድ ላስኬድ ሥራ ይዤ ነበር። እህቴ ሙሉ ደግሞ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ምጥ ላይ ናት፣ ከዚያ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፣ ይኼኛውስ ምን ይሆን እያልኩ መቀመጥ ቢያቅተኝ ገመድ ስጎትት ዋልኩ።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ፋይል ትንሽ ቢዘገይ ማንም አያውቅበትም፣ ድምፅ ግን ከዘገየ ይቆራረጣል። ስለዚህ ማከፋፈያው፣ ስዊች የምንለው፣ ባጃጆች ለአምቡላንስ እንደሚለቁት ለድምፅ መንገድ እንዲለቅ ይታዘዛል። እኔ ገና አላዘዝኩትም፣ መጀመሪያ ልፈትን ብዬ ከባድ ፋይል ለቀቅኩበትና በር ላይ ላሉት ዘበኛ፣ ለአያ ተገኘ፣ ደወልኩ። "ዝና... በረ... ልጄ..." ይላሉ፣ ግማሹ የለም። የጠበቅኩት ነው።

ስልኩን ሳስቀምጥ ከኋላዬ ሌላ ስልክ ጠራ። ከካርቶኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ያኖርኩት ነው፣ አልተሰካም፣ ያ ዓይነት ስልክ ደግሞ ኃይሉንም ከዚያው ገመድ ነው የሚያገኘው፣ ያለ ገመድ በድን ነው። እጄ ለምዶበት አነሳሁት።

"አስካለ ማርያም አለች?" አለኝ የሽማግሌ ድምፅ። መስመሩ በፋይል ታፍኖ እያለ አንዲት ፊደል አልጎደለችም፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል፣ ከትንፋሹ ኋላ ውሃ የሚፈስ ይመስላል።

ከወላዶቹ አንዷ ትሆናለች ብዬ፣ "አለች፣ ውስጥ ናት፣ ማን ልበላት?" አልኩት።

"እመጣለሁ በላት" ብሎ ዘጋው።

ወደ አያ ተገኘ ሄድኩ። እዚያው አቅራቢያ የአዘና ሰው ናቸው፣ ነገር አያጋንኑም።

"ሳታየው አለች አልከው?" አሉኝ። "እኛ ዘንድ ያላየኸው ሰው ሲጠራ ሦስቴ እስኪጠራ ዝም ነው የሚባል።"

"አያ፣ ስልክ እኮ ነው።"

"ያልተሰካ ስልክ" አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

አዋላጇን ብጠይቃት በዚያ ስም የገባች ሴት የለችም፣ ያን ቀን ምጥ ላይ የነበረችው ሙሉ ብቻ ናት። ብዙም ሳይቆይ ሕፃን አለቀሰች፣ ሴት፣ ደህና፣ እኔም ከደስታዬ ብዛት ስልኩን ረሳሁት።

ክርስትና ስትነሳ ቄሱ ስሟን "አስካለ ማርያም" አሉ። አገሩ ላይ ስንት አስካለ ማርያም አለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ለሙሉ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ በምን አፌ።

ልጅቷ አሁን ሮጣ አትጠገብም። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ጓሮ አፈር ስትጫወት አያታለሁ፣ ድንገት ቀና አለችና ወደ አጥሩ ዞራ "አቤት" አለች። ማንም አልጠራትም፣ ሙሉ ገበያ ናት፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር።

"ስንቴ ጠራሽ?" አልኳት፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም ባዩ።

ሁለት ጣቷን አሳየችኝ።