ቀዩ የት ድረስ ነው?

መርዋ ከአይከል መጥታ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ከተከራየች ወዲህ ስሟን አንስቶ የሚጠራት ሰው የክፍሏ ልጅ አብዱልመናን ብቻ ነበር። እሱም የሚጠራት ለሥራ ነው። ወይም ለሥራ ይመስላል፤ እሷ ግን ይህችን «ይመስላል» ይዛ ነበር ማታ ማታ የምትተኛው።

የመመረቂያ ሥራቸው አንድ ነው፤ ፕሮግራም ለሚጽፉ ተማሪዎች ጽሑፉን በቀለም የሚለይ ኤዲተር፣ ማለትም የመጻፊያ ሶፍትዌር። ትእዛዙ ሰማያዊ፣ ማስታወሻው አረንጓዴ፣ በጥቅስ መካከል ያለው ቀይ ይሆናል። ኤዲተሩ ይህን የሚለየው አብዱልመናን በሚጽፋቸው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በሚባሉ ንድፎች ነው፤ «በጥቅስ ጀምሮ በጥቅስ የሚያልቀውን ያዝ» ዓይነት ነገር። ንድፉ አንዳንዴ ሆዳም ይሆንና ከመስመሩ የመጀመሪያ ጥቅስ እስከ መጨረሻው ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያቀላዋል።

«መርዋ፣ ቀዩ የት ድረስ ነው?» ይላታል።

«ዐይን የለህም እንዴ?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

ሆን ብላ ዝግ እያለች ትነግረዋለች። እያየ የሚጠይቅ ወንድ ምን ፈልጎ እንደሆነ መች ይጠፋታል! በዚያች ጥያቄ ነበር የሰው አገሩን ችላ የከረመችው።

ለዒድ ጨርቅ ልትገዛ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከአባቱ ከሐጂ ዐብደላ ሱቅ ገባች። አብዱልመናን ቀዩን ጥቅል ሊያወርድላት ሲነሣ ሽማግሌው ሣቁ።

«ተው አንተ! ልጄ፣ ይህ ልጅ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ስንት ደንበኛ አስቀይሞብኛል! ኮምፒውተር ይሻልሃል ያልኩት ለዚህ እኮ ነው።»

አብዱልመናን አቀረቀረ። መርዋም ጨርቁን ሳትገዛ ወጣች።

ለካ የፈለገው ዐይኗን ኖሯል! ላም አለኝ በሰማይ ስትል መክረሟ አንገበገባት። ድርሻዋን ከቤቷ ሆና በኢሜይል መላክ ጀመረች፤ ስልኩንም አታነሣም። አይከል ብትሄድ እናቷ ፊቷን አይታ እንዳትጠይቃት ፈርታ ዒድን እዚያው ዋለች። የአከራይዋ ቤት በእንግዳ ሲሞላ፣ እሷ ክፍሏ ተቀምጣ የሰው ሣቅ ስታዳምጥ ሆድ ባሳት።

ከበዓሉ በኋላ አብዱልመናን ላፕቶፑን አቅፎ በሯ ላይ ቆመ።

«ምነው መጣህ?»

«እስቲ እዪው።»

አየችው። ቀለም የሚባል የለም። ትእዛዙ ወፍሯል፣ ማስታወሻው ዘንበል ብሏል፣ በጥቅስ መካከል ያለው ከሥሩ ተሰምሮበታል። ንድፉም የመጀመሪያው መዝጊያ ጥቅስ ላይ በልኩ ይቆማል።

«ሸጋ ነው» አለች ቅዝዝ ብላ። «እንግዲህ እኔ አላስፈልግህም።»

«ለሥራው አታስፈልጊኝም።» ላፕቶፑን ዘጋው። «ዐይኔ እንዲህ ነው ብልሽ ትንቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ይህን ሳልጨርስ ብመጣ ደግሞ፣ ዐይኔን ፈልጎ ነው ባልሽ ነበር። አሁን የምጠይቅሽ ቀለም የለኝም፤ ግን መጣሁ። አባቴን አይከል ሽማግሌ ልልክ ነው። እምቢ የምትይ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ።»

መርዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር።

«አባቴ ቤት የሚገኘው ከጁምዓ በኋላ ነው» አለችው።