ፌርማታ የሚሏት ሴትዮ

«ደግሞኮ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትሰፋው! ልትሰፋው ይሁን ልታሸተው አይታወቅም!»

ቀጮ ይህን ብላ የሹራቧን ጫፍ ወደ ፊቷ አስጠጋች። ዓይኗን አጨንቁራ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ «ጥ... ጥ... ጥ...» እያለች እንደ አሮጌ ስፌት መኪና መንቀራፈፍ ስትጀምር ዜና ሆዷን ይዛ አግዳሚው ወንበር ላይ ተንከባለለች።

«በናትሽ ተይኝ! ሞትኩልሽ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ማናት ግን?»

«እኔ እንጃ። እነ እማዬ ፌርማታ ነው የሚሏት። ሥራው እሷ ጋ ሲደርስ ቆሞ ይቀራላ!»

«ፌርማታ! አይ ሰው ክፉ ነው፣ አቦ!» ብላ ዜና እንደገና ፈነዳች።

ሁለቱንም በትክክለኛ ስማቸው የሚጠሯቸው መምህራን ብቻ ነበሩ። አንዷን ቅጥነቷ ቀጮ አሰኛት። ሌላዋ የትምህርት ቤቱን ወሬ ከማንም ቀድማ ስለምትሰማ ዜና ተባለች። እናቶቻቸው በአንድ የሸሚዝ ፋብሪካ፣ በአንድ የስፌት መስመር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰፋሉ። ልጆቹም ገና ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ የእናቶቻቸውን መውጣት ፋብሪካው በር ላይ አብረው ሲጠብቁ ነው የተዋወቁት።

«ቆይ፣ ማታ እናቴን እጠይቃታለሁ» አለች ዜና። «እሷ የማታውቀው ሠራተኛ የለም።»

ፋብሪካው ያን ሰሞን አዲስ ነገር አምጥቶ ነበር። ሠራተኛው በሳምንት አራት ቀን ብቻ ይሠራል፤ አርብም ቅዳሜም እሁድም ያርፋል፤ ከደሞዙ ግን ቤሳ አይነካም። ሥራ አስኪያጁ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ያረፈ እጅ ከደከመ እጅ ይበልጣል፣ ሌሎችም ሞክረው አይተውታል ብሎ አስረዳ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሰፋው ሸሚዝ እንዳይቀንስ። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ቁጥሩን ያሟላ መስመር በአራት ቀኑ ይቀጥላል፤ ያላሟላ ወደ ድሮው ስድስት ቀን ይመለሳል።

ለቀጮ አርብ ማለት እናት ማለት ሆነ። ከዚያ በፊት እማዬ ልጆቿ ሳይነቁ ትወጣና ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትወድቅ ነበር። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ «እማ» ብሎ የጠራው ቀጮን ነው። እማዬ ያን ቀን ሳቀች፤ ኋላ ግን ሽንት ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። አሁን አርብ አርብ ቀጮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ሞቅ ብሎ ይጠብቃታል። እማዬ ከጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፤ የፋብሪካውን ወሬ እያመጣች በሳቅ ታፈርሳታለች። ከወሬው ሁሉ ጣፋጩ ደግሞ የፌርማታ ነው። መቀሷን ሲደብቁባት የሆነችው፣ ሥራዋን ስትጨርስ መስመሩ በሙሉ ያጨበጨበላት፣ በምሳ ሰዓት እሷ ስትቀመጥ ሌሎቹ ተነሥተው ወደ ሌላ ጠረጴዛ የሄዱባት። ስሙንም ያወጣችው እማዬ ራሷ ነበረች።

በማግስቱ ዜና ገና ክፍል ከመግባቷ ጀመረች።

«እናቴን ጠየቅኳት! ልክ እንዳንቺ አድርጌ ሠራሁላት እኮ! ትራሱን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ፣ ጥ... ጥ... እያልኩ።»

«ሳቀች?»

«ትንሽ። ከዛ 'እኛ መስመር እንደዚህ ያለች ሴት የለችም' አለችኝ። ደክሟት ነው መሰለኝ፣ ራቷንም ሳትበላ ተኛች።»

አርብ ቀን ቀጮ በጓሮ በር ገብታ ኩሽና ውስጥ ውኃ ስትቀዳ ከሳሎን የሴቶች ድምፅ ሰማች። ድምፃቸውን አወቀችው። አንዷ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው ወፍራም ሴትዮ ናት፤ ሌላዋ እጅጌ የምትገጥመው ወጣት።

«ሙከራው እኮ ማክሰኞ ያልቃል» አለች ቁልፍ ተካይዋ። «በአንዲት ሴት የተነሣ ሁላችንም አርባችንን ልንቀማ ነው?»

«ለሱፐርቫይዘሩ ነግሬዋለሁ» አለች ወጣቷ። «'ቀስ ብላ ሰፋች ብዬ ሰው አላባርርም፤ የተበላሸ ሥራ ካየሁ ግን ሌላ ነገር ነው' አለኝ።»

ቀጥሎ የመጣው የእማዬ ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ አርብ አርብ ፀጉር ሲያበጥር ያለው ድምፅ።

«እንግዲያው የተበላሸ ይየዋ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ለምሳ ስትወጣ ከኮሌታዎቹ የተወሰኑትን ተርተር አደርጋቸዋለሁ። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ማን ያየኛል?»

«ውይ አንቺ ደግሞ!» አለች ቁልፍ ተካይዋ፤ ነገሩ እንዳስደነገጣትም እንደጣማትም ያስታውቃል። «ስፌት ያስተማረችሽ እሷ አይደለች እንዴ? ልጇስ ከልጅሽ ጋር አንድ ክፍል...»

«ቀስ በይ! ልጅቷ የምትመጣበት ሰዓት ነው።»

ቀጮ ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። በዚያ መስመር ኮሌታ የሚሰፋው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ዜና ትራሱን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ማን ፊት እንደቆመች አሁን ገባት።

ሴቶቹ ሲሄዱ እማዬ ኩሽና ገብታ ልጇን ግድግዳው ሥር ቆማ አገኘቻት።

«ሰምተሻል» አለች።

«ፌርማታ የዜና እናት ናት?»

እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ክፉ ሴት አይደለችም። ዓይኗ ደክሟል፤ እያወቀች ራሷ መልቀቅ ነበረባት።»

«ተይው፣ እማዬ። በናትሽ ተይው።»

«ወንድምሽ እማ የሚለው ማንን ነበር?»

ቀጮ ዓይኗን ወደ ብርጭቆው መለሰች።

«አንቺን ነበር። አሁን እኔን ይላል። ያ ይመለስ? ይመለስ ካልሽ ሰኞ ሄጄ 'ልጄ እንቢ ብላለች፣ እንተወው' እላቸዋለሁ። በይ ንገሪኝ፤ ይመለስ?»

ቀጮ «ይመለስ» ማለት አልቻለችም። እማዬ ጠበቀችና መልሱን እንዳገኘች ያህል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ማበጠሪያውን አነሣች። ቀጮም ከእናቷ ጉልበት መሀል ተቀመጠች። መበጠሩ ደስ ይል ነበር፤ ያን ቀን ሙሉ እጅግ የከበዳት ነገር ደስ ማለቱ ነው።

እሁድ ለፈተና ሊያጠኑ ዜና ቤት ተገናኙ። የዜና እናት ሻይ ስትቀዳላቸው ከስኒው አሳልፋ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። «ኧረ ተዪ እኔ ልቅዳ፣ እማ!» ብላ ዜና ማንቆርቆሪያውን ተቀበለቻት። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ቀጮ ዞር አለች።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እትዬ።»

«ሰላም በይልኝ።»

«እሺ» አለች ቀጮ፤ አንገቷን ደፍታ ያንኑ ገጽ ደግማ ደጋግማ አነበበችው። አንዲትም ቃል አልገባላትም።

ማክሰኞ እማዬ ኬክ ይዛ ገባች። ከበሩ ጀምሮ «አለፍን! ኮሌታው ከምሳ በኋላ ፈጠነልን! መስመራችን አለፈ!» እያለች ትንሹን ልጅ ወደ ላይ ወረወረችው። ልጁ ምን እንደተባለ ሳይገባው አጨበጨበ።

«የዜና እናትስ?» አለች ቀጮ።

እማዬ ኬኩን መቁረጧን አላቋረጠችም። ትልቁን ቁራሽ አነሣችና ልጇ ፊት አስቀመጠችው።

«ብይ» አለች።

በማግስቱ ዜና ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ መጣች። ዓይኗ አብጧል። በዕረፍት ሰዓት ቀጮን ይዛ ከክፍሉ ጀርባ ወሰደቻት።

«እናቴን አባረሯት። ኮሌታ አበላሸሽ ብሎ ሱፐርቫይዘሩ ሸሚዞቹን ሁሉም እያየ እግሯ ሥር ጣለላት። አንድ ሰው እንኳ 'ተው' አላለም። ደግሞ ሲያጨበጭቡ ነበር አሉ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እሷ አላበላሸሁም ነው የምትለው። እኔ አምናታለሁ። ቀጮዬ፣ እናትሽ እኮ አጠገቧ ነው የምትቀመጠው። ያየችው ነገር ካለ ትጠይቂልኛለሽ?»

«እሺ» አለች ቀጮ።

እናቷን አልጠየቀችም። ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቷ መሄዱን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ዜና ቤት ሄደች። ዜና ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። እናቷ ብቻዋን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ትሪውን ወደ ፊቷ አስጠግታዋለች። ቀጮ ስትገባ አየቻትና ወዲያው ከፊቷ አራቀችው።

«እማዬ ናት» አለች ቀጮ ቆማ። እንደምን ዋሉም አላለች። «ኮሌታውን የተረተረችው እማዬ ናት። ከመሆኑ በፊት ሰምቻለሁ። እሁድ እዚህ ስመጣም አውቅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ።

«ያውቃሉ? ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ሊመሰክርልኝ? ሁሉም አርብን ይፈልጋል።» ከትሪው ላይ አንዲት ጠጠር አንሥታ ወደ ጎን አደረገች። «እኔም እፈልግ ነበር።»

«የፌርማታንም ቀልድ... ለዜና የነገርኳት እኔ ነኝ። እርስዎ መሆንዎን ግን በእናቴ ሞት አላውቅም ነበር።»

የሴትዮዋ ጣቶች ቆሙ።

«እሱንም ዜና ነግራኛለች» አለች። «'ቀጮ ስትሠራው ብታዪ ትሞቺ ነበር' እያለች ነው ያሳየችኝ። እኔም ሳቅሁላት። ምን ላድርግ?»

ቀጮ ማልቀስ ፈለገች፤ እዚህ ቤት ውስጥ ማልቀስ ለእሷ እንደማይገባት ስለተሰማት ከንፈሯን ነከሰች።

«አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ» አለች የዜና እናት። «ለልጄ እንዳትነግሪያት። ያን ቀን በማን እንደሳቀች ካወቀች መቼም ከልቧ አይወጣላትም። ደግሞ ካንቺ ሌላ ጓደኛ የላትም። እኔ ሥራዬን አጣሁ፤ እሷ አንቺን አትጣ።»

የቀጮ ደረት ቀለል አለ። ከትከሻዋ ላይ ጆንያ የወረደ መሰላት። በዚያው ቅጽበት በመቅለሏ አፈረች፤ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች።

በሩ ተከፈተ። ዜና ዳቦውን በብብቷ ይዛ ገባች።

«አንቺ! መቼ መጣሽ? ጠየቅሽልኝ? ምን አለች እናትሽ?»

የዜና እናት ከትሪው ቀና ብላ ቀጮን አየቻት። ራሷን በጥቂቱ ብቻ፣ ዜና ልብ በማትልበት ሁኔታ፣ ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰች።

«ምንም አላየችም» ማለት ይበቃ ነበር። ያቺን ብትል ነገ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፈተናውን አብረው ያጠናሉ፤ ዜናም ለእናቷ ያዘነችላት መስሏት የቀጮን አንገት አቅፋ ታለቅሳለች።

«ዳቦውን አስቀምጪና ነይ እንውጣ» አለች ቀጮ።

«ምነው? ምን ሆነሻል?»

«ነይ። ውጪ እነግርሻለሁ።»

«ልጄ...» አለ ከኋላቸው የሴትዮዋ ድምፅ። የትኛዋን እንደጠራች አልታወቀም። ቀጮ በሩን ከፈተችና ዜናን አስቀደመች።