አስተርጓሚዋ ያለዘበችው ቃል

አስተርጓሚ ሲተረጉም «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። የሚናገረው ሰው ከተመታ «ተመታሁ»፣ ከታመመ «አመመኝ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምልክት ቋንቋ ሲያስተምሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግሩት ደንብ ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሠርታበታለች፤ አንድም ቀን ከብዷት አያውቅም። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግን የምክር ቤቱ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ያ አንድ ቃል ከበዳት።

ምክንያቱ ፊሽካው ነበር።

ፊሽካው የሰፈሩ ጥበቃዎች አለቃ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ከአንገቱ የማይለየው ነገር ነው። በሩ ላይ ሲያገኛት እንደ ዘመድ ፈገግ አለላት።

«ለነዚያ ልጆች የምትተረጉሚው አንቺ ነሽ? ጎበዝ! እናትሽ ልብስ ሰፊዋ አይደለች እንዴ? ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ?»

«አዎ።»

«የሱቋን በር የምንጠብቅላት እኮ እኛ ነን። ሰላም በይልኝ እሺ?»

ሌላ ምንም አላለም። መንገድ ለቆላት በእጁ «ግቢ» አላት። ገባች።

ወጣቶች ስለ ሰፈራቸው ደኅንነት ከምክር ቤት አባላት ጋር የሚወያዩበት ቀን ነው። አራት የምክር ቤት አባላት ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረዋል። ከፊታቸው ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች፤ ፊት ወንበር ላይ መስማት የተሳናቸው ስድስት ልጆች፤ ከስድስቱ አንዱ ብየዳ ቤት የሚሠራው በያጁ። እሷ ለአባላቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ተቀመጠች። አስተርጓሚ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። እሷ እሱን ብቻ ታያለች፤ እሱ ከትከሻዋ በላይ ሁሉንም ያያል።

የተዋወቁት ከሁለት ወር በፊት ክሊኒክ ውስጥ ነው። እሷ ጥርሷን ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች፤ እሱ ሸሚዙን አውልቆ ጀርባው ላይ የተጋደመውን ሰንበር ያሳያል። ነርሷ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ ጮኸችበት። ዝም ሲላት ይበልጥ ጮኸች።

«አይሰማም!» አለች ልጅቷ ጥርሷን ረስታ። «እንዲህ ስትጮሂ የሚሰማሽ ግድግዳው ነው!»

ከዚያ በእጇ ጠየቀችው። በእጁ መለሰላት። ከሥራ ሲመለስ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጥበቃዎቹ ከኋላው ፊሽካ ነፉ። መቼም አይሰማም፤ መንገዱን ቀጠለ። ተነፍቶለት ያልቆመ ሌባ ነው ብለው በቆመጥ ወረዱበት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ብየዳ ቤቱ ውስጥ እየተገናኙ ለዚህ ስብሰባ ተዘጋጁ። የሚጠይቁት ትንሽ ነገር ነው፤ ጥበቃዎቹ ከፊሽካው በፊት ባትሪ ያብሩ፣ ቆመጡ ይቅር። ሊስትሮው ጓደኛቸው ባለፈው ሳምንት በጥበቃዎቹ ቆመጥ ክንዱ ተሰብሮ ሲመጣ ግን ዝግጅቱ ፍርሃት ገባበት። የጥበቃዎቹ ውል ለአንድ ዓመት የሚታደሰው ዛሬ ነው። ዛሬ ካልተነገረ እስከ ዓመት የሚሰማ የለም፤ በያጁ ደግሞ በዚያ መንገድ በየምሽቱ ማለፍ አለበት።

እሷ ችኩል ናት፤ ስትናገር ጣቶቿ ይጋጫሉ። እሱ የእጅ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ የሚያደርግ ምልክት አውጥቶላታል፤ ስሟ ያ ሆነ። ቅር ያላት መሰለች፤ አላላትም። የብየዳ መከላከያውን ከፊቱ ሲያነሳና ፈልጎ ሲያያት ግን የምትለው ሁሉ ይጠፋታል። ይኼ ነገር አላማራትም፤ ቢሆንም ሆኗል።

ተራው ደረሰ። በያጁ ተነሣ።

«ከኋላዬ መጡ» አሉ እጆቹ። «በቆመጥ መቱኝ። ከወደቅሁም በኋላ መቱኝ። አለቃቸው ቆሞ ያይ ነበር። ያ በር አጠገብ የተቀመጠው።»

አፏን ከፈተች። ጥጉ ላይ ያለችው ሱቅ ታየቻት፤ እናቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ክር ስታስገባ።

«እኔ... ከጥበቃዎች ጋር አለመግባባት ነበረብኝ» አለች። «ፊሽካ ስለማልሰማ አንዳንድ ችግር ደርሶብኛል።»

«አለመግባባት መቼም ያጋጥማል» አለ ሰብሳቢው። «ወደፊት እናየዋለን። እናመሰግናለን፤ ቀጣይ።»

በያጁ አልተቀመጠም። ከትከሻዋ በላይ እያንዳንዱን ፊት አየ። ከዚያ እሷን።

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«ያልከውን።»

«አላልሽም። መመታቴን ስነግራቸው አንዱ ውኃ ጠጣ። አንዷ ወረቀት አገላበጠች። ፊሽካው ፈገግ አለ። ያልኩትን ብትነግሪያቸው ፈገግ ይል ነበር?»

እጇን ጭኗ ላይ ደብቃ፣ ለሱ ብቻ እንዲታይ፣ «እናቴን ያውቃታል» አለችው።

ቁጣው ከፊቱ ሲወርድ፣ በምትኩ ፍርሃት ሲገባ አየች። ፍርሃቱ ለራሱ አልነበረም።

«እንግዲያው ተይው» አላት። «እውነቴን ነው። ተይው።» ብሎ ተቀመጠ።

ቢቆጣት ዝም ትል ነበር። ክንዱ ሊሰበር ይችላል፤ እሱ ግን «ተይው» ይላታል! ይኼኔ ንድድ አላት።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይቅርታ» ብላ ተነሣች። «አስተርጓሚዋ ተሳስታለች። አሁን ታርማለች።»

ከዚያ «እኔ» አለች። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። ከኋላዬ መጡ፤ በቆመጥ መቱኝ፤ ከወደቅሁም በኋላ መቱኝ። አለቃቸው ቆሞ ያይ ነበር፤ ያ በር አጠገብ የተቀመጠው። እያንዳንዱን ቃል ስትለው ጀርባዋ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ቀጣዩ ምት የሷ ይመስል።

«ውሸቷን ነው!» ፊሽካው ብድግ አለ። «እኔ ይቺን ልጅ ነክቻት አላውቅም!»

«እሷን ነካህ ያለህ የለም» አለች አንዲት የምክር ቤት አባል፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ። «የተመታው ልጁ ነው። እሷን ምን አድርገሃታል?»

ሊስትሮው በጄሶ የታሸገ ክንዱን ወደ ላይ አነሣ። ከኋላ መስማት የሚችሉ ሌሎች ልጆችም እጅ ማውጣት ጀመሩ፤ አንዱ «እኔንም» አለ፣ አንዷ «ወንድሜንም»።

ውሉ አልታደሰም። ጉዳዩ እስኪጣራ ፊሽካው ከሥራ ይታገድ፣ ጥበቃዎቹም ቆመጣቸውን ያስረክቡ ተባለ። ፊሽካው ሲወጣ ግን በአጠገቧ አልፎ፣ «በደንብ ሰምቼሻለሁ» አላት፤ በዝግታ።

ከአዳራሹ ውጭ ደረጃው ላይ ፀሐይ ነበረ።

«ስድስታችንም እናትሽ ጋ እንሄዳለን» አላት በያጁ። «ዛሬውኑ ለሱቋ የብረት በር እበይድላታለሁ።»

«ለሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉ።»

እጆቹ ቆሙ። «ፈራሽ?»

«ፈርቻለሁ። ግን ምክንያቴ ፍርሃት አይደለም። አስተርጓሚ ለቤተሰቡ መተርጎም አይፈቀድለትም። ቃል ያለዝባል ተብሎ ይፈራል። ዛሬ አይተኸኛል።»

«እኔ ቤተሰብሽ አይደለሁም።»

«ገና ነህ።»

ዓይኑን ተክሎባት ቀረ። ጓደኞቹ በክርን ሲጓሰሙ አየች፤ ፊቷ ጋለ።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው ጣቶቿ እየተጋጩ። «አዎ በል ወይም አይሆንም በል! እናቴ ብቻዋን ናት!»

መልሱን በምልክት አልሰጣትም፤ እጇን ያዘ። ስድስቱም ከበዋት ወደ ጥጉ ሱቅ መንገድ ጀመሩ። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ የሚከተላቸው እየመሰላት ዘወር ዘወር ትላለች። እጁ በእጇ ስለተያዘ በተረፈው አንድ እጁ፣ እንደሚንተባተብ ሰው እየተደናቀፈ፣ «እኔም ፈርቻለሁ» አላት።

የያዘውን ግን አልለቀቀም።