ያልተጫወትኩበት ሸክላ

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ከሰው አፍ ለቅሜ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ሌሊትም አልነበረም። ጥር 1958 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ።

ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ክረምት ልጀምርላችሁ።

አራት ነበርን። ታፋ፣ መርጋ፣ የሺወርቅና እኔ ደረሳ። አንድ የውጭ አገር መምህር ነው ያስተማረን። ታፋና እኔ ቫዮሊን፣ መርጋ ከቫዮሊን ትንሽ የምትተልቀውን ቪዮላ፣ የሺወርቅ ደግሞ ጉልበቷ መሀል አቁማ የምትጫወተውን ትልቁን፣ ቼሎውን።

ፊት ቆሞ እጁን የሚያወናጭፍልን ሰው የለም። ታፋ በአፍንጫው አየር ይስባል... በዚያች ትንፋሽ አራታችን እኩል እንገባለን። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ያለ መተማመን አይሆንም፣ ልጆቼ።

እኔ ኖታ ማንበብ ብዙም አልሆነልኝም። ስለዚህ ስጫወት በሹክሹክታ እቆጥራለሁ። ቶኮ... ለማ... ሰዲ... አፉር... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት መሆኑ ነው።

"አንተ ደረሳ፣ ከብት ነው እንዴ የምትቆጥረው?" ትለኛለች የሺወርቅ። ሁላችንም እንስቃለን።

ሐምሌ ላይ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ የድምፅ መቅጃ ይዞ እንደሚመጣ ተነገረን። ለአንድ ቀን፣ ለዓርብ ብቻ። ሸክላ ሊታተምልን ነው! እኛ ብናልፍ የማያልፍ ድምፅ። አርጆ ላለችው እናቴ ላሰማት ቃል ገባሁ።

በዋዜማው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ታፋ እየሮጠ መጣ። ከአንድ ገበታ የምንበላ፣ አንድ ጋቢ የምንለብስ ጓደኛዬ ነው። እጄን ያዘኝ።

"ኦቦሌሳኮ..." አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። "እናትህ ታማለች። ቶሎ ድረስ።"

"ማን ነገረህ?"

"ከአርጆ የመጣ ነጋዴ።"

"ቀረጻውስ?"

"ወደ ሰኞ ዞሯል። ሂድ፣ እንጠብቅሃለን።"

ዓይኔን አላየኝም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ቫዮሊኔን በጀርባዬ አዝዬ በጭነት መኪና ወጣሁ። መንገድ ላይ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ጫማዬን አውልቄ በዚያ ዝናብ እያለቀስኩ በእግሬ ገሰገስኩ። ግራ እግሬ ትንሿ ጣት የላትም። በልጅነቴ ሙጀሌ በልቷት ነው የተቆረጠችው። እየወደቅኩ እየተነሳሁ...

ዓርብ ደረስኩ። መምህሩ የሰጠኝ የእጅ ሰዓት ልክ ዘጠኝ ይላል።

እናቴ ጠፈፉ ሥር ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

"ኢልማኮ! ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ሃርሜ... እናቴ፣ አልታመምሽም?"

"እኔ? ደግሞ ማን ነው ያሳመመኝ?"

ገባኝ። ቆጠራዬ መቅጃው ውስጥ እንዳይገባ ነው የሸኙኝ።

ታፋ በሌላ ቢዋሸኝ ይቅር ባልኩት። በእናቴ ሟረተብኝ።

እሁድ ነቀምቴ ተመለስኩ። በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር መርጋን አገኘሁት። አንገቱን ላንቀው ነበር። እሱ ግን አቀፈኝ።

"ዓርብ እንዴት አድርገህ ተጫወትክ!"

"ምን?"

"መምህሩን በቦታህ ልናስቀምጥ ስንል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝም ብለህ ገባህ። ተንኮላችንን ደርሰህበት ከመንገድ የተመለስክ መስሎን፣ ሁላችንም አፈርን።"

"መርጋ... ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እናቴ ቤት ነበርኩ።"

ሳቁ ቆመ።

"ተው..." አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብስብስ ብለህ ነበር። ጫማም አላደረግክም። ጀርባህን ሰጥተኸን ተቀመጥክ።"

"ፊቴን አይታችኋል?"

እጁን ከትከሻዬ አንስቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ታፋ ከዚያ በኋላ ሸሸኝ። ጥላዬን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ጥር ላይ ሸክላው መጣ። መምህሩ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር፤ አራታችን ብቻ የምንለማመድበት ክፍል ተሰበሰብን። ሦስቱ በየወንበራቸው ተቀመጡ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የእኔን ወንበር ከሐምሌ ወዲህ ማንም አልነካትም።

ከጥቅምት ጀምሮ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ይህን ያዙልኝ።

የሺወርቅ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ አስቀመጠች።

ሽሽሽ...

የታፋ ትንፋሽ። ከዚያ ሙዚቃው። እንዴት ያምር ነበር!

ከሥሩ ግን...

ቶኮ... ለማ... ሰዲ... አፉር...

የእኔ ድምፅ። እኔ ያልነበርኩበት ድምፄ።

የሺወርቅ አፏን በእጇ ያዘች።

"ደረሳ... ይቅር በለኝ" አለ ታፋ። ከሐምሌ ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። "ሸክላው እንዳይበላሽ ብዬ እንጂ..."

"ዝም በል" አልኩት። "ስማ።"

ሙዚቃው አልቋል። ቆጠራው ግን አላቆመም።

ቶኮ... ለማ... ሰዲ... አፉር...

ከዚያ ጸጥ አለ። መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሷል። ሸክላው ግን ይዞራል...

"ኦቦሌሳኮ..." አለ ሸክላው፣ በእኔው ድምፅ። "እናትህ ታማለች። ቶሎ ድረስ።"

ታፋ አመድ መሰለ። እናቱ የምትኖረው ጊምቢ ነው። ወንበሩን ገልብጦ፣ በሩን በርግዶ ወጥቶ ሮጠ።

በሕይወት ሳለች አልደረሰላትም። ያን ግን የሰማነው በሳምንቱ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ሲመለስ ነው።

ያን ቀን ያየነው ሌላ ነው።

"እዩ..." አለ መርጋ።

ወንበሬ ሥር ውሃ ቋጥሯል። ከውሃው ተነስቶ እስከ በሩ የጭቃ ዱካ አለ። የባዶ እግር። የገባ ዱካ የለም። የወጣ ብቻ... ታፋ በሮጠበት በኩል።

እኔ ጫማ አድርጌያለሁ። ከግድግዳውም አልተንቀሳቀስኩም።

ቀስ ብዬ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። የግራውን እግር ጣቶች በሹክሹክታ ቆጠርኩ።

ቶኮ...

ለማ...

ሰዲ...

አፉር...

አምስተኛ የለውም።