የተሰረዘው አንቀጽ

የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንዳሉት ከሆነ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ የሞቱት ከመሰላል ወድቀው ነው። «በምሳ ሰዓት ድምፅ ሰምቼ ስገባ ፋይል እንደያዙ ተዘርረዋል» አሉ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ቃል ሌላ ነበር። «ጋሼ መሰላል ከወጡ ሁለት ዓመታቸው። ጉልበታቸው እንቢ ካለ ወዲህ ከላይ የማወርድላቸው እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን ጽፋ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባች። አስከሬኑ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከመሰላሉ ሥር ተጋድሟል። ቁስሉ የወለል እንዳልሆነ፣ ጠርዝ ያለው ከባድ ነገር እንደመታቸው ሐኪሙ ነግሯታል። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ፋይል ጎድሎ በቦታው ቢጫ ካርድ ቆሟል። በካርዱ ላይ የዕለቱ ቀንና የሟቹ ስም ሰፍሯል።

ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ አንድ ረቂቅ ደንብ ሊያጸድቅ ቀጠሮ ይዟል፤ ከንቲባ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ እንዳይመረጥ የሚከለክል። ያረቀቀችው ወጣቷ ተመራጭ የሟቹ የእህት ልጅ ናት።

«ከንቲባው ናቸው» አለች ሳትጠየቅ። «ሦስተኛ ዘመናቸው ሊያልቅ ነው፣ አራተኛ አማራቸው። አጎቴ ዛሬ የመሬት ፋይሎቹን በጉባኤው ፊት ሊያነብ ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ጠዋት ለኃላፊው ነግሬያቸዋለሁ። የንግግር ተራ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።»

«ፋይል ተውሰሽ ታውቂያለሽ?»

«እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። አጎቴ ዘመድ ብሎ አያዳላም፤ አንድ ወረቀት ይዤ ወጥቼ አላውቅም።»

ከንቲባው ቢሯቸው ውስጥ ይንጎራደዱ ነበር። «ሰው ሁሉ ጣቱን ቀስሮብኛል። እኔ የመዝገብ ቤቱ በር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይል የሚያመጡልኝ ኃላፊው ናቸው።»

«ከእርስዎ በፊት ለነበሩትስ?»

«ለእነሱም እሳቸው...» አሉና ከንቲባው ባሉበት ቆሙ።

መርማሪዋ ካርዱን ለጽዳት ሠራተኛዋ አሳየች። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፋይል የተዋሰ ሰው ስሙን ጽፎ የሚተወው ነዋ።»

«ጋሼ ለራሳቸው ሲያወጡስ?»

ሴትዮዋ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። «ልጄ፣ ሰው ከገዛ ቤቱ ይዋሳል?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን በጉባኤው አዳራሽ፣ በተመራጮቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ሽማግሌው መሰላል እንደማይወጡ አላወቀም» አለች። «ካርዱን ግን አሳምሮ ያውቃል። ፋይል በወሰደ ቁጥር ካርድ ሲሞላ ስለኖረ ሽማግሌውም የሚሞሉ መሰለው። የጽዳት ሠራተኛዋ እንዲህ አይሳሳቱም። የእህታቸው ልጅ ካርድ ሞልታ አታውቅም፤ ከንቲባውም ደጁን አልረገጡም። የካርዱን ሣጥን ፈተሽኩ። ሃያ ዓመት፣ ሦስት ከንቲባ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። በሟቹ ስም የተሞላው ካርድም በዚያው እጅ ነው። ሊነበቡ የነበሩት ፋይሎች ደግሞ ያው ሰው መሬት የማይገባቸውን ሰዎች ስም እየሰገሰገ ሦስቱንም ከንቲባዎች ሲያስፈርም መኖሩን ያሳያሉ።»

ኃላፊው መሐረብ አወጡ፤ ላባቸውን ግን አልጠረጉም። «ከንቲባ ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉ ቀስ ብለው። «ከተማውን ያኖርኩት እኔ ነኝ።»

ፖሊሶች ይዘዋቸው ወጡ። ከንቲባው ተነፈሱ። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ያልኩት ለዚህ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ጉልቻ ሆነው ሲቀመጡ፣ ክቡር ከንቲባ፣ ማማሰያው በማን እጅ እንዳለ አንዴም አልጠየቁም» አለች መርማሪዋ።

ከዚያም ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ወረቀት ለወጣቷ ሰጠቻት። የጽሕፈት ቤት ኃላፊም በየስድስት ዓመቱ እንዲቀየር የሚል አንቀጽ ነበር፣ በሽማግሌው እጅ የተጻፈ። በላዩ ላይ ግን ቀይ የስረዛ መስመር ተሰምሮበታል። መስመሩ የማን እንደሆነ መርማሪዋ አልጠየቀችም።

«የእኔ ነው» አለች ወጣቷ። «ኃላፊው ይህን ካወጣሽ ሰባት ድምፅ አመጣልሻለሁ አሉኝ። አጎቴ ለመነኝ፤ እኔ ሰባቱን ድምፅ መረጥኩ።»

«መልሰሽ ካስገባሽው ረቂቁ ይወድቅብሻል» አሉ ከንቲባው። «ሰባቱ የእሳቸው ሰዎች ናቸው።»

ወጣቷ ተነሥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ሄደች። ወረቀቱን ከፊቷ ዘረጋች።

«የተሰረዘውን አንቀጽ መልሻለሁ» አለች። «አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥበት። ከወደቀም ሙሉውን ሆኖ ይውደቅ።»